የወንበዴዎቹ አለቃ ሸሚዝ

ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለውን ኑሮ የሚያሳየው ፊልም ክፍል ሁለት የመጣ ዕለት ቪዲዮ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ፊልሙ እንዳለቀ ክርክሩ ጦፈ።

«አክተሩ በክፍል አንድ የተቆረጠው ጣቱ መቼ በቀለ?» አለ አንዱ።

«የተቆረጠው የግራው ነው፤ አንተ ተኝተህ ነበር» አለው ሌላው።

ይሄኔ የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር አቶ ሽብሩ፣ ስብሰባ የሚመሩ ይመስል እጃቸውን ዘርግተው ሁሉንም ዝም አሰኙ።

«ትልቁን ስህተት ማንም አላየውም። ጠብታ ውሃ በሌለበት አገር የወንበዴዎቹ አለቃ ሸሚዝ እንዴት እንዲህ ይነጣል? ፊልም ሠሪው ተሳስቷል!»

«ኧረ አልተሳሳተም» የሚል ቃል በሩ ሥር ለውዝ ከምትሸጠው ልጅ አፍ አመለጠ።

አቶ ሽብሩ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፊልም አዋቂ የሆንሽው? በይ አስረጂና! ካላስረዳሽ ነገ የውሃ ቦቴው ሲመጣ ጀሪካንሽን ይዘሽ እንዳትሰለፊ።»

ልጅቷ ክው አለች። ቤት ውስጥ የቀራቸው ውሃ ግማሽ ጆግ አይሞላም። ቀስ ብላ ቀና አለችና ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ሰፈራችን ውሃ ካየ ሦስት ሳምንቱ ነው» አለች። «እርስዎ ግን ይኸው በረዶ የመሰለ ሸሚዝ ለብሰው ቆመዋል። ይሄም የፊልም ሠሪው ስህተት ነው?»