ባለ ሦስት ጠርዙ አገዳ

አንዲት ሴት ጠዋት ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ከትናንት የተረፈውን ቂጣ ቆርሳ በላች፤ በሩን ዘግታ ወደ ጣና ወረደች። ቀኑ ሐይቁን የወረረው አረም፣ የእምቦጭ፣ ነቀላ ዘመቻ ቀን ነበር።

ከቤቷ እስከ ውሃው መንገዱ አሸዋ ነው። ግራና ቀኙን፣ ከሌላ አገር የመጣው የወፍ ቆሎ አብቦ አጋሙንና ቀጋውን ሸፍኗቸዋል። እሷ ግን አጋሙ የቱ ጋ እንዳለ ታውቃለች። ባሏ በሕይወት ሳለ አብረው የሚለቅሙት ከዚያ ነበር።

ባሏ ታንኳ ሠሪ ነበር። ከቤታቸው በታች ካለው ውሃ ገብ ደንገል እያጨደ፣ እያደረቀ፣ እያሰረ ይሠራ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እምቦጭ መጣ። ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሸፈነው፤ ደንገሉም ጠፋ። ሴትዮዋ ግን በየጠዋቱ ወርዳ ትፈልገው ነበር። ምን ፈልጋ? ታንኳ? አይደለም። እሱ የነካው ነገር በዓለም ላይ አንድ እንኳ እንዲቀርላት ነው።

በዚያ ቀን የመንደሩ ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በረድፍ ይነቅል ነበር። መሪው የባሏ ታናሽ ወንድም አበጀ ነው። «አንድም አረንጓዴ እንዳይቀር!» ይላል። «ቁራጭ ከቀረ ተመልሶ ይወርሰናል!»

ሴትዮዋ እጇን ከምንጣፉ ሥር ሰደደች። የእምቦጭ አገዳ ያበጠ ነው፤ ሲጨብጡት እንደ ስፖንጅ ይሟሽሻል። ድንገት ጣቷ ጠንካራ ነገር ነካ። ዳበሰችው። ጠርዝ አለው፤ እንደ ደንገል አገዳ ሦስት ጠርዝ። እጇ እዚያው ቀረ።

«እትዬ፣ አሣ ያዝሽ እንዴ?» አለ አበጀ። ሰዉ ሳቀ። «ንቀይው እንጂ!»

«ይሄ አይነቀልም። ደንገል ነው።»

«ደንገል ካየን ስንት ዘመናችን! እምቦጭ መሃል የበቀለ ያው እምቦጭ ነው። ቆይ፣ እኔ ልንቀልልሽ።»

«መጀመሪያ ዳብሰው።»

«በዚህ ጭቃ ውስጥ ምኑን እለየዋለሁ?»

«ወንድምህ ዓይኑን ጨፍኖ ይለየው ነበር» አለችው።

ሳቁ ቆመ። አበጀ እጁን ወደ ውሃው ሰደደ። አንዱን ጠርዝ ነካ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። የራሱን ሻሽ ፈትቶ ማንም እንዳይነካው ከጎኑ እንጨት ተክሎ አሰረበት። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ቀስ እያለ፣ እየዳሰሰ ነቀለ።

ወገኖቼ፣ ሐዘን ያለበት ቤት ስትገቡ እንዴት ነው የምትገቡት? እንደ ዘማች አይደለም? «እርሺው፣ ተይው፣ ልብሱን አውጪ፣ ፎቶውን ከግድግዳው አውርጂ» አትሉም? በፍቅር እንደምትሉት አውቃለሁ። አበጀም በክፋት አልነበረም።

በሐዘንተኛ ልብ ውስጥ እውነተኛ አረም አለ። ምሬት አረም ነው። «ለምን የእነሱ ተርፎ የእኔ ተወሰደ» እያሉ የጎረቤትን ደስታ መጥላት አረም ነው። ይነቀል። ቁራጩም አይቅር።

ናፍቆት ግን አረም ነው? ከአረሙ መሃል ስለ በቀለ ብቻ አረም ይሆናል? ሁለቱም ከሩቅ ሲያዩዋቸው አረንጓዴ ናቸው። ሁለቱም ያስለቅሳሉ። የሚለዩት በመዳሰስ ነው። ለመዳሰስ ደግሞ ጭቃው ውስጥ መግባት፣ አጎንብሶ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። እናንተ ዳር ቆማችሁ ነው የምትመክሩት ወይስ ገብታችሁ?

እናንተም ሐዘንተኞች፣ ያላችሁትን ሁሉ ለዘማች አትስጡ። «ይሄ አይነቀልም» ማለት አለማመን አይደለም። እግዚአብሔር ሳይዳስስ የሚነቅል ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም።

ክረምቱ አልፎ ደንገሉ ከሰው ቁመት በለጠ። አበጀ ማጭዱን ይዞ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ደርሷል እኮ፤ ልጨደው?» አላት።

«አጭደህ ለማን ትሰጠዋለህ?» አለችው።

ማጭዱን ይዞ ተመለሰ።

ያቺ ሴት ዛሬም ጠዋት ተነሥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ በአሸዋው መንገድ ትወርዳለች። ደንገሉ አለ። አስሮ ታንኳ የሚያደርገው ሰው የለም።