የጋሽ ሀንዲሶ ግራ ጆሮ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ታላቅ ነው። አንድ ሰው ወንበር መረጠ።

የመረጠው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከፊት፣ ከአዲሱ ሞንታርቦ አጠገብ ነው። ሞንታርቦው በቁመት ሰውየውን ይበልጠዋል። ሰውየው ጋሽ ሀንዲሶ ይባላል፤ የጉባኤው ሽማግሌ ነው። የሞንታርቦው ድምፅ ዝቅ ያለ ሲመስለው አውራ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል። ድምፁ ይጨመራል። ሕዝቡም “አሜን” ይላል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር አጥር ለአጥር የምትኖር አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሲስተር አመለወርቅ። አንድ ቀን በር ላይ ጠበቀችው።

“ጋሼ፣ እባክዎ ድምፁን ትንሽ ይቀንሱልን። ሕፃኑ እየበረገገ አልተኛ አለኝ።”

“ልጄ፣ የእግዚአብሔር ቃል ጆሮ አይጎዳም” አላት።

ይህን ያላት ሰው በተሰበሰበበት ነው። ሰው በተሰበሰበበት የተናገሩትን ደግሞ መልሶ መዋጥ ያስቸግራል።

አንድ እሁድ ዘማሪዋ ማይኩን እንደያዘች በሞንታርቦው ፊት አለፈች። ሞንታርቦው ብረት እንደሚቆርጥ መጋዝ ጮኸ። የጋሽ ሀንዲሶ ግራ ጆሮ ጭው አለ። ሰኞም ጭው አለ፣ ማክሰኞም ጭው አለ። በዚያ በኩል ሌላ ድምፅ የሚባል ነገር አልገባ አለ።

ሚስቱ ታደለች በግራው ቆማ ብትጠራው ዝም። ዞራ በቀኙ መጣች።

“ጆሮህ ምን ሆነ?”

“ምን ይሆናል? እያሰብኩ ነው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

ረቡዕ ዕለት፣ አንገቱን አዘንብሎ ጆሮውን በመዳፉ ሲመታ ሲስተር አመለወርቅ መንገድ ላይ አየችው።

“ጋሼ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። እንዲህ በድንገት የተደፈነ ጆሮ ቶሎ ከታከመ የመመለስ ተስፋ አለው። ከዘገየ ግን እንደሄደ ሊቀር ይችላል።”

“ብርድ ነው” አላት።

ምን ያድርግ? ሆስፒታል ቢሄድ “በምን ተጎዳ?” ይሉታል። “በሞንታርቦ” ካለ፣ እሷ ልክ ነበረች ማለት ነው። እናንተ ብትሆኑስ? ከጆሯችሁና ከተናገራችሁት ቃል የቱን ትሰጡ ነበር? አትመልሱልኝ። እሱ ጆሮውን ሰጠ።

እሁድ መጣ። ጋሽ ሀንዲሶ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በአንድ ጆሮ ሲሰሙት ድምፁ ያነሰ ይመስላል፤ ስለዚህ አውራ ጣቱን ደጋግሞ ቀሰረ። ድምፁ ተጨመረ። ሕዝቡ “አሜን” አለ።

ስብከቱ መሃል ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

ሞንታርቦው ዝም አለ። ሰባኪው ግን በራሱ ድምፅ ቀጠለና፣ “ትሰሙኛላችሁ?” አለ።

ጋሽ ሀንዲሶ በቀኝ ጆሮው ጥርት አድርጎ ሰማው። ሌላው ሰው አልመለሰም። ዞር ብሎ ቢያይ፣ ሕዝቡ ሁሉ የሰባኪውን ከንፈር ይመለከታል።

“ትሰሙኛላችሁ ወይ?”

ያኔ አንዲት እናት ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው ከጆሯቸው ጥጥ አወጡ። ከኋላቸው የተቀመጠው ሰውዬም አወጣ። መዘምራኑም እንዲሁ። ድምፅ የሚጨምረው ልጅ ከሁለቱም ጆሮው አወጣ። ሰባኪውም ወደ መጽሐፍ ቅዱሱ አቀርቅሮ እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ።

ጋሽ ሀንዲሶ ወደ ሚስቱ ዞረ። ታደለች የሆነ ነገር በመዳፏ ጨብጣለች።

“አንቺም?”

“እንዳይከፋህ ብዬ ነው” አለችው።

በማግስቱ ይዛው ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሙ መረመረውና፣ “ወዲያው መጥተው ቢሆን ኖሮ” አለው። ይህን ሲለው በቀኙ በኩል ቆሞ ነበር።

ወገኖቼ፣ በዚያ ቤት በሙሉ ልቡ ያመነ አንድ ሰው ነበር። የተጎዳውም እሱ ነው። ሌሎቹ ጆሯቸውን ደፍነው በአፋቸው “አሜን” አሉ። ክፉ ሰዎች ነበሩ? አልነበሩም። ሁሉም እንዳይከፋው ብለው ነው። ለየራሳቸው ጥጥ ፈለጉ፤ ለእሱ ግን ከመካከላቸው አንድም ሰው አልነገረውም።

እናንተስ? ለራሳችሁ ዘዴ አበጅታችሁለት፣ ለወንድማችሁ ያልነገራችሁት ነገር ምንድን ነው? ማንን ነው ከፊት አስቀምጣችሁ “አሜን” የምትሉት? ባላችሁን ነው? አለቃችሁን? አባታችሁን? ወይስ እኔን?

ዛሬ ስትመለሱ ያን ሰው ፈልጉት። በደህናው ጆሮው በኩል ቁሙና ንገሩት። ገና አንድ አለው።