ሆዱ ያበጠው ባትሪና ሥራ ያቆመችው መዳሰሻ

ተረት ላወጋችሁ ነው፤ እሺ በሉኝ። እሺ ካላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ በሩ ጋ የተቀመጥከውም ና። የዛሬው ተረት አያስቅም፤ መሳቅ የፈለገ ከወዲሁ ይውጣ።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ ነው፤ መብራት ግን ያኔም ይጠፋ ነበር። ትርንጎ የምትባል ሴት፣ እግራቸው ከከዳቸው አባቷ ከአቶ ገብረየስ ጋር በአንዲት ክፍል ቤት ትኖር ነበር። የምትተዳደረው የተማሪዎችን ጽሑፍ እየተየበች ነው። እንጀራዋ አንዲት ላፕቶፕ ናት። ላፕቶፗም ከአባቷ አልጋ ራስጌ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች።

ትርንጎ ሥራዋ መሀል መብራት እንዳይጠፋባት ስለምትሰጋ፣ ላፕቶፗን ከሶኬት ነቅላ አታውቅም። ስትሠራም ተሰክታ ነው፤ ስትተኛም ተሰክታ ነው። አቧራ እንዳይነካት ደግሞ እናቷ የሠራችውን ወፍራም ዳንቴል ታለብሳታለች። ፍቅር ነው እንግዲህ፤ ፍቅር አይደለም ማን ይላል?

በላፕቶፗ ሆድ ውስጥ ባትሪ ይኖራል። ከውጭ ደግሞ ቻርጀር ያጎርሰዋል።

«ብላ» ይላል ቻርጀር።

«ጠግቤያለሁ» ይላል ባትሪ።

«ምን በላህና? መብራት ቢጠፋስ? በሞቴ!»

ይበላል።

«አሁንስ በቃኝ፤ ሆዴ ጋለ።»

«አንዲት ብቻ! በሞቴ!»

ይበላል።

«ወንድሜ፣ መተንፈስ አቃተኝ።»

«እኔ ለምኜህ እምቢ ልትለኝ ነው? በሞቴ!»

ይበላል። በሞቴ ያለን እንዴት እምቢ ይሉታል? ባትሪ ይሉኝታ የገደለው ነው። እየበላ አበጠ፤ እያበጠ በላ።

ከባትሪው በላይ መዳሰሻ ትኖራለች። ትርንጎ ጣቷን ስታንሸራትትባት፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት ወዲያ ወዲህ የምትነዳት እሷ ናት። አንድ ቀን ጀርባዋን የሚገፋ ነገር ተሰማት።

«ባትሪ፣ ምን ሆነሃል? ገፋኸኝ እኮ።»

«ይቅርታ እህቴ፣ ትንሽ ነፋኝ። ይተወኛል።»

«አይተውህም። ብትፈነዳ እሳት ነህ። እሳት ከሆንክ ደግሞ እኚህ አጠገባችን የተኙት አዛውንት ሮጠው አያመልጡም። ለትርንጎ ንገራት!»

«አፍራለሁ። በሆዱ ሞተ ይሉኛል።»

መዳሰሻ አሰበች፣ አሰበችና «እንግዲያው እኔ ሥራ አቆማለሁ» አለች። «ሥራ ያቆመ ይመረመራል። ስትመረምረኝ ከሥሬ አንተን ታገኝሃለች።» እንዳለችውም አደረገች፤ ቀጥ አለች።

ትርንጎ ጣቷን አንሸራተተች፤ ቀስቷ አልተንቀሳቀሰችም። «እጄ ቅባት ነክቶት ይሆናል» ብላ እጇን ታጠበች፣ መዳሰሻዋንም በጨርቅ ወለወለቻት።

«ከላዬ አይደለም፣ ከሥሬ እዪ!» አለች መዳሰሻ። የዕቃ ቋንቋ ለሰው አይሰማም። ቀስቷ አልተንቀሳቀሰችም።

ትርንጎ ላፕቶፗን አጥፍታ አበራቻት።

«ብታጠፊኝም ብታበሪኝም ያው ነኝ፤ ከሥሬ እዪ!» ቀስቷ አልተንቀሳቀሰችም።

ትርንጎ ሰው ጠይቃ የላፕቶፗ ማስተካከያ፣ ሴቲንግ የሚሉት ውስጥ ገባች፤ መዳሰሻዋ ተዘግታ እንደሆነ አየች። አልተዘጋችም። ተናደደችና በአውራ ጣቷ ጫን አደረገቻት። ከሥር ባትሪው አቃሰተ።

«እሱ ነው! እዚያው ነሽ! ግለጪና እዪ!» ብላ መዳሰሻ ጮኸች። ትርንጎ ግን ክዳኑን ደፋችው። ክዳኑ ልክ አልገጥም አለ። በዳንቴሉ ሸፈነችው።

አቶ ገብረየስ ይህን ከአልጋቸው ሆነው እያዩ ነበር።

«ትርንጎዬ፣ ይሄ ዕቃ ሆዱ የተነፋ መሰለኝ።»

«ዳንቴሉ ነው አባባ፣ ወፍራም ስለሆነ ነው። ይተኙ።»

አዛውንቱ ሊደግሙ አፋቸውን ከፈቱ። ልጃቸውን አዩአት፤ ዓይኗ በድካም ቀልቷል። የሚያጥባቸው፣ የሚያገላብጣቸው እሷ ናት። በዚህ ላይ ደግሞ በማላውቀው ነገር ልነዝንዛት? አሉና አፋቸውን ዘጉ። እኔ እዚህ ቦታ ስደርስ ሁሌም ይቆጨኛል። ምናለ አንዴ ቢነዘንዟት!

ትርንጎ በማግስቱ ማውስ ገዝታ መጣች። ማውሱን ሰካችው፤ ቀስቷ ሮጠች፤ ትርንጎም «ተገላገልኩ!» አለች። መዳሰሻን የሚያስታውሳት ጠፋ።

መዳሰሻ ማውስን ለመነችው። «እባክህ አንተም እምቢ በል። ሁለታችንም እምቢ ካልን ታስከፍተናለች።»

«እኔ ዛሬ የመጣሁ እንግዳ ነኝ» አለ ማውስ። «እንግዳ በቤቱ ነገር አይገባም።»

ዳንቴልን ለመነቻት። «እትዬ፣ እባክሽ ተንሸራተቺና ውደቂ። ጉብታው ይታይ።»

«ወይ ጉድ! የቤት ገመና አደባባይ ላውጣ? እኔ የተሠራሁት ልሸፍን ነው።»

የቤቱን ድመት ለመነቻት። ድመቷ በዚያ ክረምት ከዳንቴሉ ላይ አትወርድም ነበር። «አንቺ ጉብታውን ታውቂዋለሽ፤ ተኝተሽበታል። እባክሽ ጩኺ፤ የአንቺን ጩኸት ሰው ይሰማዋል።»

«ጮኼ ሙቀቴን ላጣ? አርፈሽ ተኚ» አለች ድመቷ፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትርንጎ የተየበችውን ጽሑፍ ለባለቤቱ ልታደርስ ወጣች። ላፕቶፗን ሰክታ፣ ዳንቴሉን አልብሳ፣ የአባቷን ብርድ ልብስ እግራቸው ሥር ሸጉጣ፣ ግንባራቸውን ስማ ወጣች።

«ቶሎ እመለሳለሁ አባባ።»

«በሰላም ግቢ ልጄ።»

ባትሪ «መዳሰሻ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ከዚህ በላይ አልችልም።»

«ቻለው! እስክትመጣ ቻለው!»

«ያኔ መናገር ነበረብኝ» አለ። ወዲያው ፈነዳ።

ድመቷ በመስኮት ዘለለች፤ እሷ እንኳ መውጫዋን መቼም አታጣም። ዳንቴሉ ተቀጣጠለ፣ ከዳንቴሉ ብርድ ልብሱ ተቀጣጠለ። አቶ ገብረየስ ልጃቸውን በስሟ ተጣሩ። ጎረቤት ሰምቶ በሩን ሰብሮ ሲገባ ክፍሉ ጢስ ብቻ ነበር። አዛውንቱ ካልጋቸው ወርደው፣ በክንዳቸው እየተሳቡ ግማሽ መንገድ ሄደው ነበር።

ለቅሶ ላይ አንዱ «የኤሌክትሪክ ነገር» አለ። ሌላው «ቀናቸው ነው» አለ። ትርንጎ ግን አውራ ጣቷን ይዛ ታለቅሳለች። «እጄን አሳርፌበት ነበር እኮ! ተጭኜው ነበር! ምነው ምን እንዳለ ባየሁ!» ትላለች። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም፤ ደረቷን እንዳትመታ እጇን ያዙላት።

ተረቱ ይሄው ነው። ሥራ ያቆመ ሁሉ አልተበላሸም፤ ከሥሩ የሚገፋው ነገር ያለበትም አለ። እሱን በሌላ ተክቶ መገላገል ቀላል ነው፤ የገፋው ግን እዚያው ይቆያል።

እኔ ዛሬ ለተረቴ ዳቦ አልቀበልም። በዳቦው ፈንታ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ዝም ያለ ሰው ካለ ምን ሆንክ በሉት። ደህና ነኝ ይላችኋል። ደግማችሁ ጠይቁት።