ትንሽ ይቀረዋል

አንዲት ጠላ ጠማቂ ነበረች፤ የሻረግ ትባላለች። ገብሱን ሳታሳርር አጥቁራ ስለምትቆላው ጠላዋ ቡናማ ነበር፤ የሰፈሩ ሰርግና ማኅበርም ያለሷ ጠላ አይደምቅም። አገር ሁሉ ሲያመሰግናት አንድ ሰው ብቻ አመስግኗት አያውቅም፤ ባሏ ጌጡ።

በቤታቸው ደንብ ጋኑ ሲከፈት ቀድሞ የሚቀምሰው ጌጡ ነው። ከጣሳው ወደ መዳፉ ጠብ ያደርጋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያጣጥማል፣ ከዚያ ያችኑ ቃል ይናገራል።

«ትንሽ ይቀረዋል።»

«ምኑ ነው የሚቀረው? ጌሾው ነው ብቅሉ?»

«እኔ በምን አውቄ? ጠማቂዋ አንቺ። ብቻ ይቀረዋል።»

የሻረግ ትበግናለች። «ምላስህን ከንጉሥ ጓዳ ነው ያመጣኸው?» ብላ ጋኑን ትከድናለች፤ አፉን በጭቃ መርጋ ጥላው ትሄዳለች። ሰንብቶ ሲከፈት ጌጡ ይቀምስና «አሁን ይጠጣ» ይላል። እሷም በልቧ «ባልነቱን ሊያሳየኝ ነው» ትል ነበር።

ጌጡ ሞተ።

ተዝካሩ ሲቃረብ የሻረግ ጠላ ጠመቀች። በስሙ የምትጠምቀው የመጨረሻው ነውና እንዳይበላሽባት ፈራች። ገብሱ የዱሮው፣ ጌሾው የዱሮው፣ እጇም የዱሮው እጇ ነበር። እንደ ልማዷ ጋኑን ከፍታ፣ እንደሱ በመዳፏ ቀመሰች። ግራ ገባት። መጥፎ አይደለም፤ ጥሩም አይደለም። የጎደለውን ምላሷ ላይ እየፈለገች ቆማ ቀረች።

በገንቦ ቀዳችና ጌሾ ጨመረችበት፤ ጎረቤቷን ዘነቡንም ጠራች። ዘነቡ አንዴ ተጎንጭታ ፊቷን አጨማደደች። «ኧረ እቴ! ጠላ ነው ብለሽ ኮሶ ታጠጪኛለሽ?»

ሌላ ገንቦ ቀዳች፤ በዚህኛው የተቆላ ገብስ ጨመረችበት።

«ይሄ ደግሞ የሚበላ ነው የሚጠጣ?» አለች ዘነቡ።

የሻረግ ከጋኑ ደግማ ቀመሰች። የጎደለው ጠላው ይሁን የራሷ አፍ፣ መለየት አቃታት።

ዳስ ሊጥሉ የመጡት የጌጡ የልጅነት ጓደኛ፣ ባሻ ወንድይራድ፣ ጋኑን ልትደፋ ስትታገል ደረሱባት።

«ምን ሆነሻል የሻረግ?»

«አንድ ነገር ጎድሎታል ባሻ። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ባሻ ቀመሱ። ጣሳውን መለሱላትና «ጌጡ ሲቀምስ ምን ይልሽ ነበር?» አሏት።

«እሱማ መቼ ሌላ ቃል ያውቃል! ይቀረዋል ነው።»

«ይቀረዋል ሲልሽስ ምን ትጨምሪበት ነበር?»

የሻረግ ጌሾና ገብስ የጨመረችባቸውን ገንቦዎች አየች።

«ምንም» አለች በመጨረሻ። «ተናድጄ እከድነው ነበር እንጂ።»

«እንግዲያው ተናደጂና ክደኚው» አሉ ባሻ፤ ወደ ዳሳቸውም ተመለሱ።

የሻረግ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባት። እየተሳደበች፣ ማንን እንደምትሳደብ ሳታውቅ፣ የጋኑን አፍ በጭቃ መረገችው።

በተዝካሩ ዕለት ካህናቱም ነዳያኑም ጠጡ፤ ዘነቡ እንኳ ደጋግማ አስቀዳች። የሻረግ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ጠላው የዱሮው ጠላዋ ነበር።

«ትንሽ ይቀረዋል» አለች።

ዘነቡ ግራ ተጋብታ «ምኑ ነው የሚቀረው እቴ?» ብትላት፣ ጣሳዋን ሞላችላት።

ወዳጆቼ፣ የጎደለ ሁሉ በመጨመር አይሞላም። አንዳንዱን ከድነው ሊታገሡት ይገባል፤ አንዳንዱ ደግሞ ታግሠውትም እንደጎደለ ይኖራል። «ይቀረዋል» የሚለን ሰው የሚያሳንሰን ይመስለናል፤ ጊዜ ይሰጠን እንደነበር የሚገባን ድምፁ ከቤት ከጠፋ በኋላ ነው። በእናንተስ ቤት «ትንሽ ይቀረዋል» የሚለው ማን ነው? ዛሬ ምን ብላችሁ መለሳችሁለት?