እሽግ ካልሆነ አልነካም ያለው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ አውሬው ሁሉ ስልክ ይዞ በሚዞርበት ዘመን፣ የአያ ጅቦ ስልክ ወንዝ ገብቶ ጨርሶ ሞተ። ጅብ ሆዬ እያለከለከ ስልክ ነጋዴዋ ቀበሮ ሱቅ ሲደርስ፣ አህያ የታደሰ ስልክ በአንድ ቁና ገብስ ስትገዛ አገኛት።

«ያገለገለ ነው፤ ስክሪኑንም ባትሪውንም ግን ቀይሬዋለሁ» ትላታለች ቀበሮ። «ከተበላሸ አምጪው፣ በሌላ እተካልሻለሁ።»

አያ ጅቦ ከት ብሎ ሳቀ። «እኔ ሌላው የጣለውን አልነካም! እሽጉን አምጪልኝ!» ይህን ሲል ከአንበሳ የተረፈ የበሬ ጅማት ከጥርሱ መሃል ተንጠልጥሎ ነበር።

«ለእርስዎማ ለክብርዎ የሚመጥነው ነው እንጂ» አለች ቀበሮ አንገቷን ሰብራ። ጓዳ ገብታ ካገለገሉት አንዱን አነሳች። ለማደስ እንኳ አልደከመችም፤ ወልወል አድርጋ በሚያብረቀርቅ ካርቶን ከተተችውና በላስቲክ አሽጋ ይዛው ወጣች። አያ ጅቦ ለክረምት ያቆየውን ሙክት አስረክቦ፣ ካርቶኑን እንደ ታቦት ታቅፎ ሄደ።

በአንበሳ ልጅ ሰርግ ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ «እዩት! የማንም እጅ ያልነካው!» እያለ ፎቶ ሊያነሳ ሲነካው፣ ስክሪኑ ላይ የሽማግሌው ዝንጀሮ ቀይ መቀመጫ ድቅን አለ። ቀጥሎም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

«ኧረ የኔ ስልክ!» ብሎ ዝንጀሮ ጮኸ። ሰርገኛው በሳቅ ፈረሰ። ስልኩም እዚያው ድርግም ብሎ ጠፋ።

አያ ጅቦ በንዴት ቀበሮ ሱቅ ገባ፤ ሰርገኛውም ተከትሎት በሩን ሞላው። «ያገለገለ ሸጠሽልኝ! ተኪልኝ!» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የምተካው የታደሰውን ነው፤ እርስዎ የገዙት አዲስ ነው» አለች ቀበሮ። «አይ ካሉ፣ እስቲ ለነዚህ ጮክ ብለው ‹ያገለገለ ነው የገዛሁት› ይበሉና እተካልዎታለሁ።»

«ይበሉ እንጂ አያ ጅቦ፣ ምን ይጎዳዎታል?» አለች አህያ። «የኔው ደህና እየሠራ ነው።»

ጅብ የተሰበሰበውን አየ። ሙክቱ ትዝ ሲለው ሆዱ ጮኸ። ከዚያ ደረቱን ነፋ።

«ማነው ያገለገለ ያለው? አዲስ ነው! ፎቶዎቹ ከፋብሪካው አብረው የመጡ ናቸው!»

የሞተውን ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «ሄሎ! ሄሎ!» እያለ በመሃላቸው አልፎ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለክብሩ ሲል መታለሉን የሚክድ ሰው ላታለለው በነፃ ጥብቅና እንደሚቆም ነው።