ማርሚታ ያማራት ትንሽ መኪና

ተረት ተረት! «የመኪና ጩኸት» በሉኝ እንጂ፣ አፋችሁ ምን ነካው?

አለልኝ የሚባል ጎረምሳ ነበረ። ትንሽ ቀይ መኪና አለችው፤ ሲያጥባት ያየ ልጁን ክርስትና የሚያስነሳ ይመስለዋል። እህቱ ጥሩወርቅ እሑድ ልትዳር ሆነ። አባታቸው በሕይወት የለም፤ ታዲያ እህቱን በገዛ መኪናው አማቶቿ ደጅ ካላደረሰ ምኑን ወንድም ሆነ?

አጎቱ ጋሽ ደጀኔ ግን፣ እኒያ ምላሳቸው የማያርፈው፣ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና «ይቺ ናት ሙሽራ የምትሸኝ? እንደ ልብስ ስፌት መኪና ጢር ጢር የምትለው? ድምፅ ካላወጣች ሙሽሪት በወንዱ ወገን መኪና ትሄዳለች፤ አለቀ!» አሉት።

አለልኝ ወደ መኪናው ሄደ። «እባክሽ እሜቴ፣ ድምፅ አውጪ።»

«በዚህ ጫፉ ባዶ በሆነ ቀጭን ጭስ ማውጫ? ያለ ደህና ማርሚታ ድምፅ አላወጣም!» አለችው መኪናይቱ።

የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ወደ ሶማሌ ተራ ወረደ። ሻጩ ሁለት ማርሚታ አሸከመው፤ «ሞክራቸው፣ የጠላኸውን ትመልሳለህ» ብሎ። አንዱ አፉ እንደ ገንቦ የሰፋ፣ የሚያብለጨልጭ። ሌላው ሆዱ ወፈር ያለ፣ ጥቁር፣ ጭምት። የአለልኝ ዓይን የትኛው ላይ እንደቀረ እኔ ልንገራችሁ? የሚያብለጨልጨው ላይ ነዋ፤ ጎረምሳ አይደል!

«በል ግጠምልኝ» አለው የሚያብለጨልጨውን።

«ያለ በያጅ አልገጠምም!» አለ ማርሚታው።

ወደ በያጁ ወደ መሐመድኑር ሮጠ። «ማርሚታ ያለ በያጅ አልገጠምም አለ፣ መኪና ያለ ማርሚታ ድምፅ አላወጣም አለች፤ በይድልኝ ወንድሜ!»

«መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። በጣቴ ልበይድልህ? ያለ ጄኔሬተር አልበይድም!»

ጄኔሬተር ያለው ከበያጁ ጋር አጥር ለአጥር፣ ጎረቤቱ እትዬ አስካለች ግቢ ነው። አለልኝ ሄዶ ለመነው። «በያጅ ያለ ጄኔሬተር አልበይድም አለ፣ ማርሚታ ያለ በያጅ አልገጠምም አለ፣ መኪና ያለ ማርሚታ ድምፅ አላወጣም አለች፤ ተነሳልኝ!»

«ያለ እትዬ አስካለች ፈቃድ አልነሳም!» አለ ጄኔሬተሩ፤ እሱም ኩራቱ።

«እትዬ፣ ጄኔሬተር ያለ እርስዎ ፈቃድ አልነሳም አለ፣ በያጅ ያለ ጄኔሬተር አልበይድም አለ፣ ማርሚታ ያለ በያጅ አልገጠምም አለ፣ መኪና ያለ ማርሚታ ድምፅ አላወጣም አለች፤ ይፍቀዱልኝ!»

«አሻፈረኝ!» አሉ እትዬ አስካለች። «ቤቴ አራስ አለች፣ አታውቅም? ልጄ ትርሲት እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ብትደነግጥ አንተ ልታስታምማት ነው? አንዴ ከተኛችማ መድፍም አይቀሰቅሳት። ሳትተኛ ግን አልፈቅድም!»

አለልኝ በመስኮቱ በኩል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትርሲትዬ፣ እባክሽ ተኚ» አላት።

«እኔስ መች ጠላሁ?» አለች አራሷ። «ልጄ ሳትተኛ አልተኛም እንጂ! አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ነፍሰ ጡር ሆኜ ከጎኑ ተቀምጬ ስንት አገር ዞርኩ። እሷ የለመደችው የሞተር ጉርምርምታ ነው፤ የእናቴ እሹሩሩ አይገባትም።»

«ታዲያ በመኪናዬ ዞር ዞር ላድርጋታ!»

«ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ደጅ ልትወጣ?» እትዬ አስካለች አማተቡ። «ምን ያለው ነው! ከፈለግህ መኪናህን መስኮቱ ሥር አምጣና ታንጎራጉርላት።»

አለልኝ ወደ መኪናው በረረ። «ሕፃኗ ያለ ጉርምርምታ አልተኛም አለች፣ እናቷ ሕፃኗ ሳትተኛ አልተኛም አለች፣ እትዬ አስካለች እናቷ ሳትተኛ አልፈቅድም አሉ፣ ጄኔሬተር ያለ እትዬ አስካለች አልነሳም አለ፣ በያጅ ያለ ጄኔሬተር አልበይድም አለ፣ ማርሚታ ያለ በያጅ አልገጠምም አለ፤ አንጎራጉሪላት!»

«በየት ድምፄ? ያለ ማርሚታ ድምፅ አላወጣም አላልኩህም?» አለችው።

ይኸው፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው! አለልኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። መሐመድኑር በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ሳቀበት።

«አንተ ሰውዬ፣ በሽቦ እሰረዋ! ለሠርግ አይበቃም፤ ልጅ ለማስተኛት ግን ብየዳ ማን ጠየቀህ?»

አለልኝ መኪናዋን መስኮቱ ሥር አምጥቶ፣ አፈ ሰፊውን ማርሚታ በሽቦ ጠፍሮ ሞተር አስነሳ። ጓ! ውሻው ጮኸ፣ ዶሮ ጣሪያ ላይ ወጣች፣ ሕፃኗ ትንፋሿ እስኪያጥር አለቀሰች። እትዬ አስካለች ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ወጡ። «ይህን አውሬ ከደጄ አንሳ! ሙሽራ ልትሸኝበት ነው ወይስ ልታሳብዳት?»

ፈታው። ጥቁሩን አሰረ። እምምምም... አለ። ግድግዳው ሳይቀር እምምምም። ሕፃኗ ዝም አለች፣ አዳመጠች፣ አዛጋች።

ሕፃኗ ተኛች። ሕፃኗ ስትተኛ እናቷ ተኛች፣ እናቷ ስትተኛ እትዬ አስካለች ፈቀዱ፣ እሳቸው ሲፈቅዱ ጄኔሬተር ተነሳ፤ የመኪናይቱ ሞተር ሲጠፋ እሱ ተቀብሎ አጉረመረመ፣ ሕፃኗም መለወጡን አላወቀች። ጄኔሬተር ሲነሳ በያጅ በየደ፣ በያጅ ሲበይድ ማርሚታ ገጠመ፣ ማርሚታ ሲገጥም መኪና ድምፅ አወጣች። የትኛው ማርሚታ? ጥቁሩ ነዋ! አፈ ሰፊው ወደ ሻጩ ተመለሰ።

እሑድ ጋሽ ደጀኔ ጆሯቸውን አቀኑ። «ይኸው ነው? አይጮህም እኮ!» መዳፋቸውን ሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፉ። «ደረቴ ውስጥ ገባ እኮ!» አሉ፤ ለእሳቸው ይህ ምርቃት ነው። ሙሽሪት ከወንድሟ ኋላ ተቀመጠች።

ጥሩወርቅ በሠርጉ ፍርሃት ሳምንቱን ሙሉ ዓይኗን አልከደነችም ነበር። ገና ከሰፈር ሳይወጡ ቬሏን ተንተርሳ እንቅልፍ ወሰዳት። አማቶቿ ደጅ ሲደርሱ እልልታው ሊጀመር ነው፤ ጋሽ ደጀኔም በሩን ሊከፍቱ እጃቸውን ዘረጉ።

አለልኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ቀስ ይበሉ ጋሼ። አንድ ዙር ልጨምርላት።»

ጨመረላት። አጅበው የመጡት ግዙፍ የወንዱ ወገን መኪኖች በሙሉ ጥሩምባቸውን ዘግተው፣ ጎማቸውን እያለሰለሱ፣ ትንሿን ቀይ መኪና ተከትለው ሰፈሩን ዞሩ።

ተረቴን መልሱ፣ ስትወጡ የተኛ አትቀስቅሱ።