አንድ ክንድ ጠፍር ብቻ

አንድ ጊዜ፣ ማመን ካቃታችሁ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ አንድ ጅብ አንድ ክንድ ጠፍር በልቶ አገሩን በሙሉ ጨው አሳጣ።

ጠፍሩ የአህያ ነበር፤ ከቆላ ጨው ሲያመጣ ጭነቱን የሚያስርበት የቆዳ ማሰሪያ። አያ ጅቦ ጠዋት በዚያ ሲያልፍ አጥር ላይ ተሰቅሎ አየው። ቁርስ በልቷል። ለሱ ግን ቁርስ መብላትና መጥገብ አይተዋወቁም። ጫፉን ቀመሰ። አንድ ክንድ ያህል ሲውጥ ቆመና ራሱን አደነቀ። «ሌላ ጅብ ቢሆን ሙሉውን ይበላው ነበር። እኔ ጨዋ ነኝ» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ሄደ።

ከወር በኋላ ሊያገባ ነው። የሙሽራዋ አባት «የሰባ ሰንጋ ካላረድክ ልጄን አታገኝም» ብሎታል፤ ሰንጋውም ጓሮ ታስሮ እየሰባ ነው። ምን ይጎድለዋል?

ጨው ነዋ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰንጋው ያለ ጨው ድርቆሽ አልነካም አለ፤ ጎኑ ገባ። አንበሳም ወጡ ጣዕም ቢያጣበት ከሚስቱ ተኳረፈ። አያ ጅቦ እየተቆጣ አህያ ቤት ሄደ። ቆዳ የምታለፋው ቀበሮ እዚያ ተቀምጣለች።

«አንተ ሰነፍ፣ ጨዉ የታለ?»

«ምን ላድርግ አያ ጅቦ፣ ጠፍሬን አንዱ በላብኝ» አለ አህያ። «የቀረው አጥሮ ጭነቱን አይዞርም። በሳር ገመድ ብሞክር የአሞሌው ጨው ጠርዝ እየቆረጠው ጭነቱ መንገድ ላይ ተዘረገፈብኝ።»

«አዲስ ጠፍር አታሠራም?»

«የምሠራለት እኔ ነኝ» አለች ቀበሮ። «ግን ቆዳ ያለ ጨው አይቆይም። ያሉኝ ሁሉ ተልተዋል። ጨው ይምጣልኝና ጠፍር ልስጠው።»

«ጨውማ እሱ ነው የሚያመጣው።»

«በምን ጠፍር?»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ስለማይስማማው ቶሎ ተወው። «የተበላው ስንት ነው?»

«አንድ ክንድ» አለ አህያ።

«ታዲያ የሚጎድለው የአንድ ክንድ ጨው ነው እንጂ፣ ሌላው ለምን ይቀራል?»

ቀበሮ ጠፍሩን የበላው ማን እንደሆነ ገባት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ልክ ብለሃል አያ ጅቦ» አለችው። «ይሄንኑ ለአማትህ አስረዳቸው። ምን ዓይነት ጭንቅላት ያለው አማች እንዳገኙ ይወቁ እንጂ።»

የሠርጉ ቀን የሙሽራዋ አባት፣ ሽማግሌው ጅብ፣ ልጁን አስከትሎ መጣ። የሰንጋውን ጎድን ዳበሰ። «ይሄ ነው ሰንጋህ?»

አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አባቴ፣ ጥፋቱ የአህያ ነው። እኔ ከጠፍሩ የበላሁት አንድ ክንድ ብቻ ነው፤ ሌላውን ትቼለታለሁ። እሱ ግን ለዚህች ብሎ ጨዉን በሙሉ አስቀረው።»

ቀበሮ አፏን በጅራቷ ሸፈነች።

«የገዛ ድግስህን ነው እኮ የበላኸው» አለ ሽማግሌው። «ያውም ሳትጠግብ።»

ሙሽራዋ አያ ጅቦን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «እኔ እኮ መጥፎው መልክህ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለችውና ከአባቷ ጋር ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የሚደርስን ነገር አንድ ቦታ ላይ የበጠሰ ሰው፣ ጉዳቱ ሁሉንም ቤት አዳርሶ የሱንም ደጅ እንደሚያንኳኳ ነው።

መቼም አንድ ሆዳም ዘመድ አታጡምና ይህን አውሩለት፤ ምሳውን ከጨረሰ በኋላ ግን፣ አለዚያ አይሰማችሁም።